ቢጫዋ የውድድር መኪና

ጂንካ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለምወድሽ የወንድሜ ልጅ ኤፍራታ፣

በመካከላችን ያለውን ባሕርና በረሃ ሁሉ ተሻግሮ የጌታ ሰላም እዚያ ስታቫንገር ድረስ ይድረስሽ። እኔም፣ እትዬ ዘሪቱሽም ደህና ነን። ዝናቡ ዘንድሮ በጊዜው ጣለ፣ በቆሎው ጉልበት ደርሷል።

ስልክ እያለ ለምን ደብዳቤ ጻፈ እንዳትዪ። ዘሪቱ ስልኩን የምታወራው ድምፁን ከፍ አድርጋ ነው። እኔ አንቺን የምጠይቅሽን ጎረቤቱ ሁሉ ቀድሞ ይሰማል። ይኼ ነገር ደግሞ እንዲሰማብኝ አልፈልግም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጎንደር ተመድቦ የመጣ ጸጋዬ የሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር አለ። በሪሞት የሚነዱ ትንንሽ መኪኖች ውድድር ጥር ላይ አዘጋጃለሁ ብሎ ከተማውን አነሣሥቶታል። በአስፋልት አይደለም፤ በድሮው አውሮፕላን ሜዳ ጥግ ላይ አፈር ቆልሎ፣ ጉብታና ጉድጓድ ሠርቶ፣ እንደኛ የኦሞራቴ መንገድ አድርጎ ነው። ባለመኪኖቹ ከፍ ያለ የእንጨት መቆሚያ ላይ ይወጡና ከላይ ሆነው ይነዳሉ። እስካሁን የተመዘገቡት ሁሉ ልጆች ናቸው።

እኔ ደግሞ ታውቂያለሽ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ቱሪስት ይዤ ቱርሚና ኦሞራቴ ስመላለስ ኖሬ ዛሬ በር ላይ ተቀምጬ ባጃጅ ሲያልፍ አያለሁ። የመንጃ ፈቃዴም ማደሻው አልፏል፣ አላደስኩትም። «ተፈሪ አበቃለት» ይላሉ አሉ። እጄ እንዳልሞተ ጂንካ እንድታይልኝ እፈልጋለሁ፣ ሌላ ነገር የለኝም። እዚያ አገር እንዲህ ያለች መኪና ከተገኘች አሮጌም ትሁን ላኪልኝ። አደራ፣ በስልክ እንዳታነሺው!

እግዚአብሔር በሄድሽበት ሁሉ ይቅደምልሽ።
አጎትሽ ተፈሪ

*

ስታቫንገር፣ ግንቦት 29 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለምወድህና ለማከብርህ ጋሼ ተፈሪ፣

ጸጋና ሰላም ለቤትህ ይሁን። ደብዳቤህን ሥራ ቦታ ከፍቼ ብቻዬን ስስቅ አዛውንቶቹ ምን ነካት አሉ። ስድሳ ዓመት አልፎህ ከልጆች ጋር ሪሞት ልትነዳ! ግን እሺ፣ ተገኝታለች። እዚህ አረጋውያን ቤት የምንከባከባቸው አንድ አባት አሉ፤ ልጃቸው በዚሁ ውድድር ያበደ ነው። ነገርኩት፣ የድሮ መኪናውን «ለአጎትሽ ይሁን» ብሎ በነጻ ሰጠኝ። ወደ አርባ ምንጭ ለሚመለሱ የቤተ ክርስቲያን እንግዶች አስይዤልሃለሁ።

አጠቃቀሟን ስማኝ። ባትሪው ቻርጅ ላይ እያለ ጥለኸው አትሂድ፣ እሳት ያስነሣል። የአምልኮ ሰዓት ከደረሰ መጀመሪያ ንቀል፣ ከዚያ ሂድ። ከነዳህ በኋላ አፈሩን በብሩሽ እንጂ በውሃ አታጥባት። መጀመሪያ ቀስ በል፤ ካሰብከው በላይ ትሮጣለች።

አንድ ጥያቄ። መንጃ ፈቃድህን ለምን አላደስክም? ወረፋው ሰልችቶህ ነው? አንተ እኮ ከጋብቻ ወረቀትህ ይልቅ እሱን ነበር የምትጠብቀው።

እትዬን ሳምልኝ።
ልጅህ ኤፍራታ

*

ጂንካ፣ ነሐሴ 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ኤፍራታ፣

ከሩቅ ሆነሽ የሰው ፊት ያበራሽ፣ ያንቺንም ፊት ጌታ ያብራው። ደረሰችልኝ!

የመጀመሪያውን ቀን አልነግርሽም ብዬ ነበር፣ ግን ከዘሪቱ ከምትሰሚው እኔ ልንገርሽ። ነካ ባደርጋት እንደ አንበጣ ተፈናጥራ የጎረቤት እንሰት ውስጥ ገባች። ስንፈልጋት አረፈድን። ዘሪቱ «በስተርጅና አሻንጉሊት!» ብላ ስቃ ስቃ ሞተች። በነጋታው ግን እኔ ገበያ ወጥቼ ስመለስ ግቢ ውስጥ ብቻዋን ስታስሮጣት ደረስኩባት። አሁን ስትገለበጥ ሮጣ የምታነሣልኝ እሷ ናት።

ከሁሉ ያስቸገረኝ መሪው ነው። መኪናዋ ከእኔ ስትርቅ ግራዋ ግራዬ ነው። ዞራ ወደ እኔ ስትመጣ ግን ግራዋ ቀኜ ይሆንና እጄ ይምታታል። ልጆቹም ሁሉ በዚህ ይቸገራሉ። መፍትሔው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ኤርጎ! የድሮው ረዳቴ፣ የበና ተወላጁ፣ ከአልዱባ መጥቶ ጎኔ ቆመና ሳቀብኝ። ረዳት ማለት እኮ ከመኪናው ፊት ለፊት ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ሾፌሩ አዙሮ «ግራ ስበር! መልስ! ና፣ ና፣ ና! በቃ!» ሲል የኖረ ሰው ነው። የሚጠራው የሾፌሩን ግራ እንጂ የራሱን አይደለም። ስለዚህ ለኤርጎ ብትሄድም ብትመጣም አንድ ነው። እሱ ይጠራል፣ እኔ እሰብራለሁ። ጸጋዬ አይቶን «ይኼማ ሕግ ያስፈልገዋል» አለ።

አሁን አንድ ነገር። የላይዋ ፕላስቲክ ጥቁር ሰማያዊ ስለሆነ ከአፈሩ ጋር ትመሳሰላለች። ቢጫ ካለ ላኪልኝ። አንቴናዋ ላይ የምትታሰር ትንሽ ባንዲራም ብትኖር አልጠላም። ፊደሌ ገዝፎ ብታዪው ብዕሩ ነው።

ጌታ ከክፉ ይሰውርሽ።
አጎትሽ ተፈሪ

*

ጂንካ፣ መስከረም 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ኤፍራታ፣

አዲሱ ዓመት የጤናና የበረከት ይሁንልሽ። መልስሽን ሳልጠብቅ ነው የጻፍኩት።

ቢጫው ካልተላከ ይቆይ። ይልቅ ድምፅ የምታሰማ ነገር ቢኖርስ? እኔ የፍየል ቃጭል አሰርኩባትና ሚዛኗ ተበላሸ፣ ጉብታው ላይ በአፍንጫዋ ትተከላለች። ወይም ከዚህች የምትተልቅ መኪና ሰውዬው ካለው ጠይቂልኝ። ይቺ በጣም ትንሽ ናት። እሷ መልካም ናት፣ ግን ትንሽ ናት።

ዘሪቱ ሰላም ብላሻለች።
አጎትሽ ተፈሪ

*

ስታቫንገር፣ ጥቅምት 23 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድህ ጋሼ ተፈሪ፣

እግዚአብሔር ሰላሙን ያብዛልህ፣ ይህንንም ደብዳቤ በፍቅር እንድታነበው ልብህን ያዘጋጅልህ።

ቢጫ አልክ። ባንዲራ አልክ። ቃጭል አልክ። አሁን ደግሞ ትልቅ አልክ። ጋሼ፣ መኪናዋ ምንም አልጎደላትም። ዓይንህ ነው።

አትቆጣ። እኔ ከሽማግሌዎች ጋር ነው የምውለው። ቅርቡን እያነበቡ ሩቁ የጠፋባቸውን በአካሄዳቸው አውቃቸዋለሁ፤ አንድ ሰው ሲመጣ ስሙን እስኪናገር በፈገግታ ይጠብቁታል። የመንጃ ፈቃዱም ነገር አሁን ገባኝ። ለማደስ የዓይን ምርመራ አለው፣ እሱን ሸሽተህ ነው። ስጠይቅህም የጻፍክልኝ ስለ ባንዲራ ነው።

ምን እንደምትፈራም አውቃለሁ። አባዬ ታክሞ ሳያይ ተመለሰ፣ እስኪሞት ድረስ እጁን ይዘህ የመራኸው አንተ ነህ። ግን የአባዬ ግላኮማ ነበር፣ ሐኪም ጋ የሄደውም ዓይኑ ካለቀ በኋላ ነው። ያንተ የዓይን ሞራ ይመስለኛል፤ ሞራ ደግሞ ይገፈፋል። የዓይን ሐኪሞች የካቲት መጨረሻ ላይ በዘመቻ ጂንካ ይመጣሉ፣ እዚህ ካሉ ሰዎች ሰማሁ። ተመዝገብ። እስክትመዘገብ ድረስ ምንም አልልክም።

ለእትዬ ዘሪቱ አልተናገርኩም። ንገራት።
ልጅህ ኤፍራታ

*

ጂንካ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለኤፍራታ ለማ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል።

በቆሎው ገብቷል። ጸጋዬ የውድድሩን ደንብ ለጥፏል። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ጎኑ አንድ ረዳት እንዲያቆም ተፈቅዷል፤ በኛ ምክንያት ነው። በመሮጫው ውስጥም የተገለበጠ የሚያነሣ አንድ ሰው ያቆማል። ሳምሪ የምትባል ሞባይል ጠጋኝ ልጅ አለች፣ ጎበዝ ናት። የምታሰጋኝ እሷ ብቻ ናት።

ስለ ጤናዬ መጨነቅሽን ሰምቻለሁ፣ ዕድሜ ይስጥሽ። ከዚህ በኋላ እንዲላክልኝ የምፈልገው የለም።

ተፈሪ

*

ስታቫንገር፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ተፈሪ፣

ሰላምህ ይብዛ፣ ቁጣህም ይብረድ።

ስሜን ከነአባቴ ጽፈኸው ሳይ የፍርድ ቤት መጥሪያ መሰለኝ። አፌ ከረር ብሎ ከሆነ ይቅር በለኝ። ያልኩትን ግን አላነሣም።

ቢጫውን ልኬልሃለሁ። ለገና አገር ቤት ለሚገባ ልጅ ሰጥቼዋለሁ። አልልክም ብዬ ዝቼ ነበር፣ አልቻልኩም። አሸንፍ፤ ከልቤ ነው። ሐምሌ ላይ ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ። ጋሼ፣ እኔ የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው። በሩ ላይ ስቆም ፈገግ ብለህ ስሜን እስክናገር እንዳትጠብቀኝ ነው የምፈራው።

ልጅህ ኤፍራታ

*

ጂንካ፣ ጥር 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድሽ፣ ለአንድ ልጄ ለኤፍራታ፣

የትዕግሥት አምላክ እኔን ለታገሥሽበት ይክፈልሽ። ይኼ ረጅም ደብዳቤ ነው፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ውድድሩ ትናንት ወዲያ፣ ቅዳሜ ነበር። ያልመጣ ሰው የለም። ከአልዱባም ከቀይ አፈርም በአይሱዙ ተጭነው መጥተዋል። ቢጫው ደርሶልኝ አልብሻት ነበር፤ ሳያት ደስ አለኝ። ማጣሪያውን አለፍኩ። ወሬ እንዳይመስልሽ፣ በሁለተኛነት ነው ያለፍኩት! ኤርጎ ይጠራል፣ እኔ እሰብራለሁ፣ ሰዉ «በለው ተፌ!» ይላል። ስንት ዘመኔ እንደዚያ ከተጠራሁ።

ለፍጻሜው አራት ሆነን መቆሚያው ላይ ወጣን። እንደጀመርን ጸጋዬ በሞንታርቦው ሙዚቃ ለቀቀ፣ ጩኸቱ ጆሮ ይደፍናል። ኤርጎ ጆሮዬ ላይ አፉን ገጥሞ ነው የሚጮኸው። ቢጫዋ ስትሄድ ግን! ጉብታውን ዘላ እንደ ድመት ታርፋለች። «ግራ ስበር» ሲለኝ እሰብራለሁ፣ ትሰብራለች። «ልቀቃት» ሲለኝ እለቃታለሁ፣ ትበራለች። በሕይወቴ እንደዚያ የታዘዘኝ መኪና የለም። አንዱን ቀደመች፣ ሌላውን ቀደመች፣ መስመሩን ስታልፍ ሪሞቱን ከፍ አድርጌ «ተመስገን!» ብዬ ጮህኩ። ኤርጎን አቀፍኩት። ሁለታችንም አለቀስን።

ሳምሪ አጠገቤ መጣችና ክንዴን ያዝ አድርጋ ቀስ ብላ «ጋሽ ተፈሪ፣ እሷ እኮ የኔ መኪና ናት» አለችኝ።

የሷም ቢጫ ነበረች፣ ኤፍራታ። የኔዋ በሁለተኛው ዙር ተገልብጣ የባትሪዋ ሽቦ ወልቆ ቆማለች። እኔ የነዳሁ የመሰለኝ የሰው መኪና ነው። ሜዳው ሳቀ። ሰው በክፋት አልሳቀም፣ ግን ሳቀ። እኔን የገደለኝ እሱ አይደለም።

ዘሪቱ ናት። መኪናዬን አንሥታ፣ ታቅፋት፣ መሮጫው መሃል ቆማ ሻርፗን እያውለበለበች «ተፈሪ! ተፈሪ!» ስትለኝ ነበር። ሌሎቹ መኪኖች በእግሮቿ መካከል ያልፋሉ። ሕዝቡ ሁሉ አይቷታል። እኔ ፊት ለፊቷ ቆሜ አላየኋትም። አብሬያት ያረጀሁትን ሴት! ወደ እኔ መጥታ መኪናዋን እግሬ ሥር አስቀመጠችና እጄን ይዛ ደረጃውን አወረደችኝ። ወንድሜን ለማን እኔ አወርደው እንደነበረው አድርጋ።

ቤት ስንገባ «አላየኸኝም እንዴ?» አለችኝ። «አላየሁሽም» አልኳት። ይኼን ከአፌ ሳወጣው የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ የሚመጣውን ሰው በድምፁ እንደምለየው፣ ሐኪም ስል የለማ እጅ በእጄ ላይ እንደሚሰማኝ፣ እንደምፈራ። በጣም ነው የምፈራው ልጄ። አንቺ ትክክል ነበርሽ፤ ኩራቴ ነው ያንን የቀዘቀዘ ደብዳቤ ያስጻፈኝ።

አሁን የኤርጎን ልጨምርልሽ። በማግስቱ «አንተስ ምን ሆነህ ነው የሰው መኪና የጠራህልኝ?» ብዬ ተቆጣሁት። «እኔማ ቢጫ ነው ያየሁት፤ ቢጫ ቢጫ ነው» አለኝ። ጣቴን ራቅ አድርጌ ስንት ነው አልኩት። «የማን ጣት?» አለኝ። ዘሪቱ «ዕውር ዕውርን ቢመራ ሁለቱም ጉድጓድ ይገባሉ ተብሎ ተጽፏል፤ እናንተ ደግሞ ጉድጓዱን አሸንፈን ወጣን ብላችሁ ተቃቀፋችሁ» አለች። መሬት ላይ ተቀምጠን ሦስታችንም ሳቅን።

ዘሪቱ ሁለታችንንም አስመዝግባለች። ኤርጎ ግን «ዓይኔን ቢላዋ አይነካውም» ብሎ ወደ አልዱባ ሄዷል።

የሚፈራው አጎትሽ፣ ተፈሪ

*

ስታቫንገር፣ የካቲት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሼዬ፣

ጌታ በዚያች ቀን ከአንተ ጋር ይግባ። ስቄም አልቅሼም አልጨረስኩትም። አንድ ዓይን ብቻ ነው በአንድ ጊዜ የሚሠሩት፣ በማግስቱ ፋሻው ይፈታል። ሲሠሩህ ነቅተህ ነው፤ እንዳትነቃነቅ፣ ዝም ብለህ ተኛ፣ መዝሙር በሆድህ ዘምር። ጋሽ ኤርጎን አትጨቅጭቀው። ና በለው ብቻ።

እወድሃለሁ። ይኼን በስልክ ብነግርህ ጎረቤቱ ይሰማል ብዬ ነው እንጂ ሁልጊዜ ልልህ ነበር።

ኤፍራታ

*

ጂንካ፣ መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለዓይኔ ብርሃን ለኤፍራታ፣

የዕውሩን ጩኸት የሰማ ጌታ ስሙ ይባረክ። ፊደሌን ተመልከቺው፣ ቀጭን ነው።

ኤርጎ በቀጠሮው ዕለት መጣ። መጣ ማለት እስከ ሆስፒታሉ ግቢ መጣ። ከዛፉ ሥር ይዟት በሚዞረው ትንሽ የእንጨት መቀመጫ፣ በበርኮታው ላይ ተቀመጠና «አንተ ግባ፤ እኔ ስትወጣ አይሃለሁ» አለኝ። ስሙ ተጠራ፣ አልተነሣም። እኔ ገባሁ። ስለ ሕመሙ አትጠይቂኝ፣ ከፍርሃቱ ያነሰ ነበር።

በማግስቱ ነርሷ ፋሻውን ስትፈታው ፊት ለፊቴ ዘሪቱ ቆማለች። ግንባሯ ላይ ጠባሳ አለ። «ይኼን ከየት አመጣሽው?» አልኳት። «ከሦስት ዓመት በፊት ነው፣ ነግሬህ ነበር» ብላ ፊቷን አዞረች። አላስችል ብሏት ነው። እኔም አላስቻለኝም።

ከዚያ ወደ ግቢው ወጣሁ። ኤርጎ ያው ዛፉ ሥር ነው፣ ሌሊቱን ዘመድ ቤት አድሮ በጠዋት ተመልሷል። ስሙ ለሁለተኛ ጊዜ ተጠርቶም ከተቀመጠበት አልተነቃነቀም፤ ዘመቻውም በዚያው ቀን ያበቃል። አፈሩን ያያል እንጂ ቀና አይልም።

አንቺ የማታውቂውን ልንገርሽ። በዝናብ ጊዜ የወይጦ ወንዝ ሲሞላ ሾፌር መኪናው ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ረዳት ነው ልብሱን አውልቆ ውሃው ውስጥ የሚገባው። ጥልቀቱን በገላው ለክቶ መሃል ላይ ሲደርስ ዞሮ ወይ «ተመለስ» ይላል፣ ወይ ደግሞ ውሃው የት እንደደረሰው ጠርቶ ያሻግራል። ኤርጎ ለኔ ስንት ጊዜ እንደገባ ቁጥሩ የለኝም። አንድ ቀን እንኳ እኔ ቀድሜ ገብቼለት አላውቅም።

የሕክምናው ክፍል በር ላይ ቆምኩ። ፊቴን ወደሱ አዞርኩ። በሽተኛው፣ አስታማሚው፣ ነርሷ ሁሉ እያዩኝ በሙሉ ድምፄ ጠራሁት።

«ኤርጎ! ጉልበት ድረስ ነው! ና፣ ና፣ ና!»

ቀና አለ። በርኮታውን አነሣ። ከመቀመጥ ብዛት እያነከሰ መጣና አጠገቤ ሲደርስ ትከሻዬን ጨበጥ አድርጎኝ ገባ።

አጎትሽ ተፈሪ